የታመመችው ልጅ፣ የሚታከመው ቤተሰብ

ግንቦት 1 ቀን አዲስ አበባ ልደታ አካባቢ የዋለ ሰው ሁለት በዓል በአንድ ቀን ያያል። አንደኛው በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚከበረው የእመቤታችን የልደት በዓል ነው። ሁለተኛው ከቅጥሩ ውጭ፣ በየመንደሩ ደጃፍና በየዛፉ ሥር ነው። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ስንዴውን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ይቀቅላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ቡና ይፈላል፤ እናቶች ሰፈሩን፣ ልጆቹን፣ ታማሚውንና መንገደኛውን ይመርቃሉ። ንፍሮው የሚበላው ከቤት ውጭ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የራሷ ትውፊት አላት። ሐናና ኢያቄም እመቤታችንን ያገኙት በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤታቸው ርቀው ስለነበር ዘመድ የተሰበሰበው ሜዳ ላይ፣ የተበላውም ንፍሮ ነበር ትላለች። አንዳንድ ቦታ ግን የዛፉ ግንድ ቅቤ ይቀባል፤ ለአድባሯ ቡናና ጠላ መሬት ላይ ይፈስሳል። ይህን ካህናቱ አጥብቀው ይገሥጻሉ።

አድባሯን የሚዘክሩት እናቶች ሐሳብ ሲብራራ እንዲህ ነው። ሰፈር ጠባቂ አለው። ጠባቂው ከተዘነጋ ይከፋዋል፤ ሲከፋው ችግሩ የሚያርፈው በአንድ ቤት ላይ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ማስታረቁም የጋራ ነው። ይኸው አስተሳሰብ ወደ ቤት ሲገባ ስሙ ውቃቢ ወይም ዛር ይሆናል፤ ጠባቂነቱ ደግሞ ለሰፈር ሳይሆን ለአንድ ዘር ነው። ማብራራት የምፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ዛር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የምትጮህ ሴት፣ የሚወዛወዝ ራስና የእጣን ጭስ ነው። ከዚያ ሁሉ በስተጀርባ የተዘረጋውን የቤተሰብ ሥርዓት የሚያይ ጥቂት ነው፤ የሕክምናው ቁም ነገር ግን እዚያ ላይ ነው ያለው።

ባለ ዛሮቹ ራሳቸው ስለ ዛር አመጣጥ የሚተርኩት ታሪክ ከቤተሰብ ይጀምራል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ 15ቱን ቆንጆዎች ደበቀቻቸው። እሱም የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ አለ። የማይታዩት ዛሮች የሆኑት እነዚያ ናቸው፤ እኛ የሚታዩት የ15ቱ ልጆች ነን። በዚህ ትረካ ዛር ከውጭ የመጣ ባዕድ አይደለም። ወንድምና እኅት ነው፤ የተረሳ፣ በመረሳቱም የሚቆጣ ዘመድ ነው። ሥርዓቱን የሚያጸኑ ሰዎች ዛርን ማባረር የማይሹት ለዚህ ነው። ዘመድ አይባረርም፤ ይለመናል፣ ይካሳል፣ ድርሻው ይሰጠዋል።

ድርሻውም በውርስ ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ ከእናት ወደ ሴት ልጅ፣ አንዳንዴ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ነው። እናቲቱ በሕይወት ሳለች በየጊዜው ቡናውን ታፈላለች፣ እጣኑን ታጨሳለች፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ውቃቢው የሚወደውን ዶሮ ታሳርዳለች። ዶሮው ዝም ብሎ ዶሮ አይደለም። ቀይ ከሆነ ቀይ፣ ገብስማ ከሆነ ገብስማ መሆን አለበት፤ ሌላው አይተካውም። እሷ ስትሞት ይህን የሚያደርግ ካልተተካ፣ ዛሩ ከልጆቹ አንዷን መርጦ ይይዛል ተብሎ ይታመናል።

እንበልና አንዲት ልጅ እናቷ በሞተች በዓመቱ እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ ዘጋት፣ ራሷን ያማታል፣ ከባሏ ጋር አልስማማ አለች። ሐኪም ቤት ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም። አክስቷ ነገሩን ታውቀዋለች፤ «የእናትሽ ነው» ትላታለች። ልጅቷ ዛሩን ወደምታነጋግረው ሴት፣ ወደ ባለ ውቃቢዋ ቤት፣ ብቻዋን አትሄድም። አክስትም፣ እኅትም፣ ብዙ ጊዜ ባልም አብሮ ይሄዳል። መሬቱ ላይ ቄጠማ ተነስንሷል፤ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል፤ እጣኑ ከማጨሻው ይነሣል። አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ጭብጨባው ይጀመራል። ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ መሐል ተቀምጣለች። ቀስ በቀስ ትወዛወዛለች፤ ከዚያ ጉሪ የሚባለው መንዘፍዘፍ ይመጣል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ አንገቷ ክብ እየሠራ ይዞራል። ባለ ውቃቢዋ «ማን ይበሉኝ ነው የሚሉት? ጌታዬ፣ ስምዎን ይንገሩን» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ከልጅቷ አፍ በሌላ ድምፅ ይወጣል፤ ስሙን ይናገራል፣ ይፎክራል፣ ከዚያ ክሱን ያሰማል። «እናቷ የምታፈላልኝን ቡና ማን አቋረጠው? ፈረሴን ማን ነው የሚያስለቅሳት?» ፈረስ የሚላት ልጅቷን ነው፤ ዛር የያዘው ሰው የዛር ፈረስ ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ልጅቷ በራሷ አፍ «ባሌ ያስለቅሰኛል፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም አላየኝም» ብትል ከቤቱ ማን ይሰማት ነበር? ዛሩ ሲናገር ግን አክስት ትንበረከካለች፤ ባልም አንገቱን ደፍቶ «አጥፍተናል፣ ይማሩን ጌታዬ፤ የሚሉትን እናደርጋለን» ይላል። ዛሩ የሚጠይቀው በስም የተለየ ነገር ነው፤ አዲስ ቀሚስ፣ ጨሌ፣ ቀለበት፣ ሽቶ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ የምታርፍበት ቡና። የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው፤ የምትለብሰውና የምታርፈው ግን ልጅቷ ናት። ስምምነቱ በምስክር ፊት የተደረገ ስለሆነ ባል ነገ ሊያፈርሰው ቢፈልግ ከሚስቱ ጋር ብቻ አይደለም የሚጣላው። ይህን ማስመሰል ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል። ልጅቷ አላወቀችውም፤ ቤተሰቡም እንደዚያ አያየውም። የሆነው ሆኖ፣ በመካከላቸው የታፈነው ነገር ተነግሯል፣ ዕርቅም ወርዷል።

ይህን ሥርዓት ከውጭ መጥተው በቅርብ ካዩት አንዱ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር-ጅቡቲ የጥናት ጓድ አባል ሆኖ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባና፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት በመልካም አየሁ ቤት ወራት አሳለፈ። መልካም አየሁ በጎንደር ስሟ የታወቀ ባለ ዛር ነበረች። ልጇ እማዋይሽም ከዚያ ሥርዓት ውጭ አልነበረችም፤ እናትና ልጅ የዛሮቻቸውን ስምና ፉከራ ይዘው ይኖሩ ነበር። ሌሪስ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ከቴአትር ጋር አያይዞ ተነተነው፤ ሆኖም ተዋናዮቹ የሚኖሩት ቴአትር ነው እንጂ የሚያስመስሉት አይደለም ባይ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው የባሕል አጥኚ ሳይመን ሜሲንግ ስለ ጎንደር ዛር የጻፈው ጥናት ታተመ። እሱ ዓይኑን የጣለው ሌላ ላይ ነው፤ የዛር ቤቱን በቡድን የሚሰጥ ሕክምና ብሎ አየው፤ ሴቶች፣ ድኾችና ከባርነት የወጡ ሰዎች ሌላ ቦታ የማያገኙትን ክብር እዚያ እንደሚያገኙ አሳየ። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ሜሲንግ ወደ ጉዳዩ ልብ የቀረበ ይመስለኛል።

ሜሲንግ የጻፈው ሌላ ነገርም አለ፤ ይህ እንደ በጎው ጎን ሁሉ መነገር አለበት። የሚከፍለው የሌለው ታማሚ ዕዳውን በጉልበቱ ይከፍላል፤ በባለ ዛሩ ቤት ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ ይኖራል። ዛር አይድንም፤ ይለመዳል እንጂ። ስለዚህ ግብሩ የዕድሜ ልክ ነው። ቅን ባለ ውቃቢ እጅ የወደቀ ቤተሰብ ያርፋል። ስግብግብ እጅ የወደቀው ደግሞ በግ ሸጦ፣ ወርቅ አስይዞ ይጨርሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሕመሙ ሌላ ሲሆን ነው። በቡታጅራ አካባቢ በተደረገና በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኝቷል። ለዚህ በሽታ ርካሽና የሚሠራ ክኒን አለ። አንድ ልጅ አረፋ ደፍቆ ሲወድቅ «ዛር ነው» ተብሎ ዓመታት ካለፉ፣ ልጁ እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ወድቆ ሊሞት ይችላል። ይህን እያንዳንዷ እናት ማወቅ አለባት።

ሌላው መንገድ ጸበል ነው። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ርኩስ መንፈስ ትለዋለች፤ አታስታርቀውም፣ ታስለቅቀዋለች። ከእንጦጦ ጸበል የሚመለስ ቤተሰብ «ለቀቃት» ይላል፤ ከባለ ውቃቢ ቤት የሚመለሰው ግን «ተስማሙ» ነው የሚለው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ልዩነት ጠብ ሊያመጣ ይችላል፤ አያቷ ቡናው አይቋረጥ ስትል፣ ጴንጤ የሆነችው የልጅ ልጅ ረከቦቱን ከቤት ታወጣለች። እንደዚህ ያለውን ቤተሰብ ማን ትክክል ነው ብሎ መዳኘት የእኔ ሥራ አይደለም። የሚያስጨንቀኝ በክርክሩ መሐል ታማሚዋ ለብቻዋ ስትቀር ነው። በጸበል በኩል ጥሩ ምሳሌ አለን። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ በአደባባይ ከተናገሩ ወዲህ፣ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን እንዳያቆም መምከር ቀለለ።

ዛር ሰው ከአገር ሲወጣም አልቀረም። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ከተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን መካከል በዛር የታመሙ ሴቶች ሐኪሞች ፊት ቀርበዋል። ቡናውን አብሯቸው የሚጠጣው ጎረቤት፣ የዛሩን ስም የምታውቀው አክስት፣ የሚታረደው ዶሮ በአዲሱ አገር በቀላሉ አልተገኘም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ዛርን በስሙ ጠቅሶታል።

ልደታም ተለውጣለች። ባለፉት ዓመታት የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተክቷል፤ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ግንቦት ልደታ አሁን በብሎኮች መሐል፣ መኪና በሚቆምበት አስፋልት ላይ ትከበራለች፤ ዛፍ ባለበት በዛፉ ሥር፣ በሌለበት በድንኳን። በአራተኛ ፎቅ ላይ ከበሮና ጭብጨባ አይቻልም፤ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤቱም አዲስ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ዛሩ ወደ ቡናው ጠቦ ገብቷል። የረቡዕ ወይም የዓርብ ቡና፣ ጥቂት እጣን፣ ቀስ ያለ ምርቃት። ቡናውን የምታፈላው ሴት ለምን ያ ቀን እንደሆነ ሁልጊዜ ለልጆቿ አትነግርም።

ከእነዚህ ቤቶች ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። እዚያ የምትሠራ ነርስ ወይም ሐኪም «ዛር አለብኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማት፣ ልታስተባብለው ከመነሣቷ በፊት ልትጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። መቼ ጀመረሽ? ከዚያ በፊት ቤታችሁ ማን ሞተ፣ ማን ተጣላ? እናትሽ እንዲህ ያደርጋት ነበር? አብሮሽ የመጣው ማነው፣ እቤት የቀረውስ? ጸበል ወይም ሌላ ቦታ ሄደሽ ነበር፣ እዚያ ምን አሉሽ፣ የጀመርሽውን መድኃኒትስ አቁሚ ብለውሽ ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ ያለ ቁጣ መጠየቅ ይገባል፤ የተቆጡት ታማሚ መልሱን ይደብቃል፣ ክኒኑንም ያቆማል። ደጅ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የምትጠብቅ አክስት ካለች ደግሞ ወደ ውስጥ መጥራት ነው።