ክኒን አትዋዋሱ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ ባይፖላር ነው ተብሎ ሊቲየም ታዞለት ነበር። ሲሻለው ተወው። ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተነስተን ገላን ጉራ ከገባን ወዲህ የሚያጫውተው ሰው የለም። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው የሚደጋገፉበት ቡድን ልውሰደው ስል፣ እናታችን «መድኃኒቱ ሱስ ነው፣ ጠበል ይበቃዋል» ትላለች። ምን ላድርግ? (ፒያሳ ከምሠራ እህት)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከብዙ ቤተሰብ እሰማለሁ፤ «መድኃኒቱ ሱስ ነው» የሚለው ወሬ ያሳስበኛል።

ከቡድኑ በፊት ሐኪሙ ይቅደም። ወንድምዎ የተሻለው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው! ሊቲየም በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ቶሎ ያገረሻል። የተረፈውን ክኒንም በራሱ አይጀምር፤ መጠኑ በደም ምርመራ ይወሰናል። ሳይተኛ እያደረ ጉልበቱ ከጨመረ፣ ገንዘብ ከበተነ ነገ ዛሬ አይበሉ፤ ወደሚታከምበት ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሊቲየም ሱስ አያስይዝም።

እናትዎን ግን አይጣሏቸው። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ መናገራቸውን ያስታውሷቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ለጠበል ሲጾም ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ስለ ጾሙ ሐኪሙን ያማክር።

አሁን ወደ ቡድኑ። እደግፈዋለሁ። እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማህበራት በኤችአይቪ ላይ የሠሩትን አይተናል፤ ሰው ወጥቶ «እኔም አለብኝ» ሲል የሌላው ፍርሃት ቀለለ። ለአእምሮ ሕሙማንም የተጠቃሚዎች ማህበር አገራችን ውስጥ አለ። የዶሮ ማነቂያ ጎረቤት «ልጁ ሰሞኑን አልተኛም» ብሎ ይነግርዎ ነበር፤ ያ ጎረቤት ሲበተን ምልክቱን ቀድሞ የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ጥሩ ቡድን ቀጠሮ ያስታውሳል፣ የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል፣ «መድኃኒት ጣል» አይልም። የሚል ካለ ጥለው ይውጡ።

ቡድን ውስጥ ደግሞ ክኒን መዋዋስ አለ! ድባቴ ያለበት ሰው «ፍሉኦክሰቲን አዳነኝ» ብሎ ለጓደኛው ያካፍላል። በጎ አስቦ ነው። ጓደኛው ባይፖላር ከሆነ ግን ያ ክኒን ያለ ስሜት አረጋጊ (እንደ ሊቲየም ያለ) ሲወሰድ ከድባቴው አውጥቶ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ወዳለፈ የስሜት ግለት፣ ሊወረውረው ይችላል። ሁለቱም «ከፋኝ» ይላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል።

ወንድምዎ «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ የቡድኑን ቀን አትጠብቁ። ብቻውን ሳትተዉት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ፤ ስለ ቡድኑም እዚያው ጠይቁ። ለቤተሰብ የሚሆን ካለ እርስዎም ይግቡ፤ አስታማሚም ይደክመዋል።