ሌሊትዎን በእንግሊዝኛ ሲናገሩ፦ «ስሊፕ» የት ይገባል፣ የት አይገባም?

አማርኛችን «ተኛሁ» በሚል አንድ ግስ ብዙ ነገር ይሸከማል፤ መኝታ ላይ መውጣትንም፣ እንቅልፍ መወሰድንም፣ እስኪነጋ መቆየትንም። እንግሊዝኛ ግን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ችግሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። እንቅልፍ አጥቶ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው «አይ ስሊፕ አት ቴን» ካለ፣ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ እንደሚወስደው ተደርጎ ይመዘገባል፤ ሲገላበጥ የሚያሳልፋቸው ሰዓታት ሳይነገሩ ይቀራሉ።

ደረጃ 1፦ ያለፈውን ሌሊት በአራት መስመር ይጻፉ። መቼ ወደ መኝታ ሄዱ? መቼ እንቅልፍ ወሰደዎት? መቼ ነቁ? መቼ ከአልጋ ወረዱ? በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅም የመኝታ ሰዓትን፣ እንቅልፍ እስኪወስድ የሚፈጀውን ደቂቃ፣ የመነሻ ሰዓትንና በትክክል የተተኛበትን ጊዜ ለየብቻ ይጠይቃል። ሰዓቱንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይለውጡት፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት «ቴን»፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት «ዋን» ነው። ግሱ ልክ ሆኖ ሰዓቱ «ፎር» ከተባለ ሰሚው ሊነጋ ሲል የተኙ ይመስለዋል።

ደረጃ 2፦ ለመጀመሪያው መስመር «ዌንት ቱ ቤድ» ይበሉ። መሐሉ ላይ «ዘ» አይግባበት። ጋደም ብቻ ካሉ «ላይ ዳውን» ነው፤ ኃላፊ ጊዜው «ሌይ ዳውን» ይሆናል። «ሌይድ» ዕቃ ማስቀመጥን የሚገልጽ የሌላ ግስ ኃላፊ ጊዜ ነው። ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆኑትም ስለሚያምታቱት፣ በንግግር «ዌንት ቱ ቤድ» ቢበቃዎት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ብዙ ስሕተት ያለው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለው ይለፉት። በአማርኛ እንቅልፍ ራሱ አድራጊ ነው፤ ይመጣል፣ ይወስዳል፣ ይጥላል፣ እምቢ ይላል። በእንግሊዝኛ አድራጊው ሰውየው ነው። ስለዚህ «ስሊፕ ቱክ ሚ» ሳይሆን «አይ ፌል አስሊፕ»፣ «ማይ ስሊፕ ኬም» ሳይሆን «አይ አም ስሊፒ» ይባላል። እንቅልፍ እምቢ ካለዎት «አይ ኩድንት ጌት ቱ ስሊፕ» ይበሉ። ቴሌቪዥን እያዩ ሳያስቡት ካሸለበዎት «ዶዝድ ኦፍ» ነው፤ ቀን ላይ አስበው ትንሽ ከተኙ ደግሞ «ቱክ ኤ ናፕ»። «አስሊፕ» ግስ አይደለም፤ ሁኔታን ነው የሚገልጸው። ልጁ ተኝቷል ለማለት «ሂ ኢዝ አስሊፕ»፣ ጭልጥ ብሎ ከተኛ «ሂ ኢዝ ፋስት አስሊፕ» ይባላል፤ «ቬሪ አስሊፕ» አይባልም። «ስሊፒ»ን ከ«ታየርድ» ጋርም አያደባልቁ። ድካምና የእንቅልፍ ስሜት ለሐኪም ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው።

ታዲያ «ስሌፕት» የት ይግባ? ለርዝመትና ለጥራት። «አይ ስሌፕት ፎር ፋይቭ አወርስ»፣ «አይ ስሌፕት ዌል»።

ደረጃ 4፦ መንቃትና መነሳት ላይ አማርኛው ራሱ ያግዝዎታል። ነቃሁ «ዎክ አፕ»፣ ተነሳሁ «ጎት አፕ» ነው።

ደረጃ 5፦ «ስሌፕት ሌት»ን ይጠንቀቁ። አምሽተው መተኛትዎን ለመግለጽ ከተናገሩት፣ ብዙዎች ረፋድ ድረስ ተኙ ብለው ነው የሚረዱት። «ዌንት ቱ ቤድ ሌት» ወይም «ስቴይድ አፕ ሌት» ይበሉ። ሥራ ሲሠሩ ካደሩ «ስቴይድ አፕ ኦል ናይት» ነው። ጠዋት እንቅልፍ ጥሎዎት ሥራ ካረፈደብዎት ለአለቃዎ «ኦቨርስሌፕት» ብለው ያስረዱ፤ «ስሌፕት ኢን» ካሉ ፈልገው የተኙ ያስመስላል።

ደረጃ 6፦ ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ። ሕፃን ማስተኛት «ፑት ዘ ቤቢ ቱ ቤድ» ነው። «ፑት ቱ ስሊፕ»ም ለሕፃን ይባላል፤ ስለ ውሻ ወይም ስለ ድመት ከተነገረ ግን የታመመውን እንስሳ በመርፌ መግደል ማለት ነው። ጎረቤትዎ ውሻዋ እንዲህ እንደሆነ ከነገረችዎት የምትጠብቀው ማጽናኛ ነው። «ስሌፕት ዊዝ» የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ስለሚያመለክት፣ ከእህትዎ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማደርዎን ሲናገሩ «አይ ሼርድ ኤ ሩም ዊዝ ማይ ሲስተር» ይበሉ።