ከሰኞ እስከ ዓርብ፦ ልጅን ለቃል ጽሕፈት ማዘጋጀት

ሰኞ ማታ የብዙ ልጆች ደብተር 10 አዳዲስ ቃላት ይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ ዓርብ የቃል ጽሕፈት አለ። በብዙ ቤት የሚደረገውም የታወቀ ነው፦ ልጁ እያንዳንዱን ቃል 20 ጊዜ ይገለብጣል። እጁ ይዝላል፤ ዐይኑ ግን ቃሉን ማየት ካቆመ ቆይቷል። ከላይ ያለውን እያየ ስለሚወርድ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ፊደል ከሳተ በቀሩት 17 መስመሮች የሚያጠናው ስሕተቱን ነው።

አማርኛ በአብዛኛው እንደተሰማ ይጻፋል። ልጅን የሚያደናቅፈው ሙሉው ቃል ሳይሆን በቃሉ ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ናት። የቤት ጥናቱ ያቺን ፊደል ከልጁ ጋር በመፈለግ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀራል። ለአብነት የሦስተኛ ክፍል ዝርዝር እንዲህ ነው እንበል፦ አበባ፣ ሰማይ፣ ትምህርት፣ ወንበር፣ መጽሐፍ፣ ጓደኛ፣ ቋንቋ፣ ተማሪዎች፣ ኢትዮጵያ፣ ፀሐይ።

ሰኞ፣ ጥናቱ ሳይጀመር፣ ቃላቱ ለልጁ ይነበቡለትና ይጻፍ። በትክክል የጻፋቸው፣ ምናልባት አበባና ሰማይ፣ ለሳምንቱ ይሰናበታሉ። በሳታቸው ላይ ደግሞ ሙሉው ቃል አይሰረዝም፤ የሳታት ፊደል ብቻ በእርሳስ ትከበብ። «ትምህርት» 5 ፊደል አለው፣ አምስቱም ሳድስ ናቸው። ልጁ «ትምርት» ብሎ ከጻፈ አራቱን ፊደላት አውቋል ማለት ነው፤ የቀረችው «ህ» ብቻ ናት። ይህ ለልጁ ሊነገረው ይገባል።

ማክሰኞ የቃላቱ ዘመዶች ይፈለጉ። በንግግር የምትዋጥ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ቃል ውስጥ ጎልታ ትሰማለች። የትምህርት ዘመድ «መምህር» ነው፤ እዚያ «ህ» በግልጽ ትሰማለች። ልጁ ሁለቱን ቃላት አንዱን ከሌላው በታች ጽፎ «ህ»ን በቀለም ያስምርባት። «መጽሐፍ» በብዙ ቤት «መጣፍ» ስለሚባል ልጁም እንደሰማው ይጽፈዋል፤ «ጸሐፊ» የሚለው ቃል ግን «ጸ»ንም «ሐ»ንም አጥርቶ ያሰማል። «ወንበር»ን ሰው ሁሉ «ወምበር» እያለ ነው የሚጠራው። የቃሉ ምንጭ በግዕዝ «ተቀመጠ» ማለት የሆነው «ነበረ» ነው፤ «ን» የመጣችው ከዚያ ነው። ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ልጅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ራሱ ያስታውሰዋል።

«ጓደኛ» እና «ቋንቋ» ጣጣ የላቸውም። ልጁ «ጉ-ዋ» ብሎ ቀስ ብሎ ይጀምርና እያፈጠነ ይሂድ፤ ሁለቱ ድምፆች ሲጋጠሙ «ጓ» ይወጣል። ኳስም እንዲሁ ነው። «ተማሪዎች» ደንብ አለው፦ «ቤት» በሳድስ ስለሚያልቅ «ቤቶች» ይሆናል፤ «ተማሪ» እና «በሬ» በሣልስና በኃምስ ስለሚያልቁ «ዎች» ይከተላቸዋል። ልጁ በቤቱ ካሉ ዕቃዎች አምስት ስም መርጦ ያብዛ፤ ደንቡን በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም። «ኢትዮጵያ» ግን ልዩ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። በየታፔላው «ኢትዮጲያ» ተብሎ ስለሚታይ ልጁ ከመንገድ የተማረውን ስሕተት ይዞ ይመጣል። «ጵ» ሳድስ መሆኗን በጣቱ እያሳየ ደጋግሞ ያንብብ።

ረቡዕ ለሞክሼ ፊደላት ይሁን። «ፀሐይ» በጆሮ ብቻ አይገኝም፤ «ጸሀይ» ተብሎ ቢጻፍም ሲነበብ ያው ነው። የቀደሙ መምህራን ለዚህ ብልሃት ነበራቸው፦ ለእያንዳንዷ ሞክሼ ፊደል የምትገባበትን ቃል ስም አድርገው ሰጧት። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሙ ራሱ መልሱን ይዟል። «ንጉሥ» በየትኛው «ሥ» ይጻፋል ቢባል «በንጉሡ» ብሎ መመለስ የማይችል ልጅ የለም። ዘጠኙ ስሞች በካርቶን ላይ ተጽፈው ከጥናት ጠረጴዛው በላይ ቢለጠፉ መልካም ነው። ያም ሆኖ በዚህ ረገድ መጻሕፍትና ጋዜጦችም ስለማይስማሙ፣ በቤት የሚሠራበት አጻጻፍ የልጁ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ይሁን። በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል «ፀሀይ» ብሎ የጻፈን ልጅ መቆጣት ተገቢ አይደለም፤ «ኢትዮጲያ» ግን ድምፁንም ስለሚለውጥ ወዲያው ይታረም።

በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚያድጉ ልጆች ችግራቸው ከዚህ ይቀድማል፤ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» ለመለየት ይቸገራሉ። ወላጅ አፉን በእጁ ጋርዶ «ቀበረ» ወይም «ከበረ»፣ «ጠራ» ወይም «ተራ» ይበል፤ ልጁ የሰማውን በካርድ ያሳይ። መጻፉ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ሐሙስ የፈተናው ልምምድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ልጁን ለመርዳት ሲሉ «ት-ም-ህ-ር-ት» እያሉ እየቆራረጡ ያነባሉ። እንዲህ ሲነበብ መልሱ ተነገረ። ቃሉ በተለመደው አነጋገር ይጠራ፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፣ እንደገና ይጠራ። «ዋና» ብቻ ሲነበብለት ልጁ በወንዝ ውስጥ የሚዋኘውን ይሁን የሥራ ኃላፊውን አያውቅም፤ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ቢለያይም አጻጻፉ አንድ መሆኑን የሚረዳው በዐረፍተ ነገር ነው። የሳተውን ቃል ልጁ ይየው፣ በእጁ ይሸፍነው፣ ከአእምሮው ይጻፈው፣ ከዚያ ገልጦ ራሱ ያመሳክር። ለአንድ ቃል ሁለት ጊዜ በቂ ነው።

ዓርብ የታረመው ወረቀት ሲመለስ ከቁጥሩ በፊት የተከበቡት ፊደላት ይታዩ። የቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ቃላት በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይሰፍሩና ሰኞ ከሚመጡት አዳዲሶች ጋር አብረው ይነበባሉ።