ማንበብ ለተሳነው ልጅ ታብሌት መድኃኒት ይሆን?

እንደሚታወቀው የትምህርት ዘመን በተጀመረ ቁጥር ከወላጆች አንደበት የማይጠፋ ስሞታ አለ። «ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደረሰ፤ ማንበብ ግን አይችልም» የሚል ነው። ቀድሞ ከዚህ ስሞታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው አስጠኚ ይሻላል?» የሚል ነበር። ዛሬ «ታብሌት ልግዛለት? ስልኬ ላይ የፊደል አፕሊኬሽን ልጫንለት?» ወደሚል ተለውጧል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የወላጅ ላብ፣ ጊዜውም የልጁ ዕድሜ ነውና መልሱ ከነጋዴ ማስታወቂያ ሳይሆን በተግባር ከተፈተኑ ሙከራዎች ሊፈለግ ይገባዋል።

የችግሩ ስፋት

እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን የታችኛ ክፍል ተማሪዎችን የንባብ ችሎታ የመረመረ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በጥናቱ ከታዩት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም። በየዕለቱ ደብተር ይዘው የሚሄዱ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር «ሀ ሁ ሂ» እያሉ የሚያዜሙ ናቸው።

ችግሩ የሚደበቀውም እዚሁ ዜማ ውስጥ ነው። አንድ ልጅ የ«ለ»ን ቤት ከዳር እስከ ዳር ሊወጣው ይችላል። ነገር ግን «ሎ»ን ለብቻዋ ብታሳዩት ወደ «ለ» ተመልሶ «ለ ሉ ሊ» እያለ እስኪደርስባት ይቆጥራል። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደሉን በጆሮው እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ይህን እንዴት ሊያይ ይችላል? በታችኞቹ ክፍሎች ተማሪ ሳይወድቅ የሚዛወርበት አሠራር ለዓመታት መቆየቱም ልጁ ሳይታወቅበት እንዲያልፍ ረድቶታል።

መዘዙ የሚመጣው ከአራተኛ ክፍል በኋላ ነው። ከዚያ በላይ ሳይንሱም፣ ኅብረተሰቡም፣ የሒሳብ ጥያቄው ጭምር በንባብ ነው የሚሰጠው። ልጁ ሁሉንም ትምህርት በአንድ ጊዜ ይወድቃል። «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣለታል። ስሙን ራሱ ካመነበት ደግሞ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ሩቅ አይሆንም።

መሣሪያው ብቻውን ሲተው

እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘው የአሜሪካ ድርጅት በኢትዮጵያ ሁለት ገጠር መንደሮች፣ ማለትም በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ መክፈቻውን እንዳገኙና በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር እንደጀመሩ ለዓለም ተናግሯል። የልጆቹ ብልህነት በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ እንዳየነው ፊደል መዘመርና ማንበብ ለየቅል ናቸው። የታብሌቱ ቋንቋም ልጆቹ ከእናታቸው የሰሙት አልነበረም።

በፔሩ ደግሞ ይኸው ድርጅት ያዘጋጃቸው ላፕቶፖች በገፍ ታደሉ። በዚያ በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ከ15 ወር በኋላ በቋንቋም ሆነ በሒሳብ ፈተና የታየ ለውጥ አለመኖሩን አሳወቀ። ኮምፒውተሩ ደርሷል፤ መምህሩ ግን በምን ትምህርት፣ በየትኛው ሰዓት፣ ለየትኛው ልጅ እንደሚጠቀምበት በቅጡ አልታሰበበትም ነበር።

ከትምህርቱ ጋር ሲገጥም

ይህ ማለት ግን ቴክኖሎጂ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በታንዛኒያ ታንጋ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. እስከ 2019 በተካሄደ ውድድር ወደ 2,700 ለሚጠጉ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ በስዋሂሊ የተዘጋጀ የንባብ ትምህርት በታብሌት ተሰጣቸው። ሲጀመር ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ከ15 ወር በኋላ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በግማሽ ቀነሰ ማለት ግማሹ ቀረ ማለትም እንደሆነ አንዘንጋ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረን የጎረቤታችን የኬንያ ሙከራ ነው። በኪሱሙ ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘሮች ታብሌት ተሰጠ፤ በሌሎቹ ለመምህራን፤ በቀሩት ደግሞ ለተማሪዎች የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ታደለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚለው ሦስቱም ምንም ድጋፍ ካላገኙት የተሻሉ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ግን ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም። በወጪ ሲመዘን የተዋጣለት ለሱፐርቫይዘሩ የተሰጠው ሆነ። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ልጆች ሲያነቡ ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፣ መምህሩንም ይመክራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ቱሶሜ» በተባለው ሀገር አቀፍ የንባብ ፕሮግራሟ የተከተለችው ይህንኑ መንገድ ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ ሙከራዎች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። መሣሪያ የሚጠቅመው ልጁን የሚያዳምጠው ሰው ሲያገዝ እንጂ የዚያን ሰው ቦታ ሲወስድ አይደለም።

የለውሑ ምስክርነት

ይህ እውነት ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በየቁርኣን ቤቱ ልጆቻችን የተማሩበት የእንጨት ለውሕ በዘመኑ የትምህርት መሣሪያ ነበር። ጥቂት ዕቃ ብቻ ይጠይቃል፦ ሳንቃ፣ የቀለም እንጨትና ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም። ታላቁ ነገር ግን አሠራሩ ነው። በአንድ ጥላ ሥር ሃያ ልጆች ቢቀመጡ ሃያውም በየለውሑ የየራሱን ይቀራል። አንዱ አሊፍ ላይ ቢሆን ሌላው ሱራ ላይ ይሆናል። ኡስታዙ ጠርቶ ያዳምጠዋል፤ ሲያስረክብ ለውሑ ይታጠባል፤ ካላስረከበ አይታጠብም። ዛሬ የትምህርት ሊቃውንት «እንደ ተማሪው ደረጃ ማስተማር» የሚሉት ይህንኑ ነው።

እርግጥ ቁርኣን ቤቱም ከችግሩ ነፃ አይደለም። ዓይኑ ከፊደሉ ላይ ተነስቶ በቃሉ የሚወጣ ልጅ እዚያም አለ። ከመሐል አንዲት ቃል ብንጠቁመው እንደ «ሎ»ው ልጅ ከመጀመሪያው ይነሳል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመሣሪያ በፊት የልጁን ዓይንና ጆሮ እናስመርምር። ሰሌዳው የማይታየው ወይም ድምፅ በቅጡ የማይሰማው ልጅ ሰነፍ አይደለም። ዲስሌክሲያ የሚባል፣ አእምሮው ብሩህ ሆኖ ፊደልን ከድምፅ ማዛመድ የሚከብደው ልጅም አለ። ለእርሱ ቁጣ ሳይሆን ዘገም ያለና የተደጋገመ ትምህርት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ የቆመበትን ቦታ እንወቅ። ፊደላትን ከቅደም ተከተላቸው አውጥተን እንጠይቀው። ከዚያ ባለ ሁለት ፊደል ቃል፣ ቀጥሎም አጭር ዓረፍተ ነገር እናስነብበው። ትምህርቱ ከወደቀበት ይጀመር እንጂ ከክፍሉ አይጀመር።

ሦስተኛ፣ አፕሊኬሽን ስንመርጥ የልጁን የአፍ መፍቻ ቋንቋ እናስቀድም። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ለእንግሊዝኛ 26 ፊደል የተሠራ ዘዴ እንዳለ ቢገለበጥ አይሆንም። በፊደላችን መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። በዚህ በኩል ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ከወረቀት ይልቅ ይረዳል። በዜማ ብቻ የሚያልፍ ሳይሆን ፊደላትን አዘበራርቆ የሚጠይቅ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና ማስታወቂያ የማይበዛበት ይመረጥ። መሣሪያ ትልቅ ጸጋ አለው፤ አይሰለችም፣ አይስቅም። በጓደኞቹ ፊት የሚያፍር ልጅ ሃያ ጊዜ ቢሳሳት ማንም አያየውም።

አራተኛ፣ በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ በቂ ነው። ሲጨርስ የተማራትን ቃል ከወረቀት ላይ ጮክ ብሎ ያንብብልን። ስክሪን እየነኩ በግምት ማለፍ ይቻላል፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ግምት ይጋለጣል። ማንበብ የማይችሉ እናትም ከዚህ አይቀሩም። ታላቅ እህቱ ወይም የሠፈሩ ተማሪ ምንባቡን በስልክ ይቅዳላቸው። ልጁ እየሰማ በጣቱ ይከተል፤ ከዚያም ራሱ አንብቦ ይቅዳ። ለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት አያሻም፤ በኪሳችን ያለው ስልክ ይበቃል።

አምስተኛ፣ መድረሳዎቻችንና የመስጂድ ጀማዓዎች ይነሡ። ከዐሥር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት፣ በአንድ ታብሌት ዙሪያ በደረጃ የሚመሳሰሉ አራት አምስት ልጆች፣ የሚያዳምጣቸው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። ወጪው የአንድ ሰው አይደለምና አይከብድም።

ወሕይ በንባብ ትእዛዝ ለጀመረለት ኡማ ማንበብ ተስኖት አንገቱን የሚደፋ ልጅ የጎረቤት ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ለልጃችሁ ታብሌት ለመግዛት ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ዛሬ ማታ አጠገባችሁ አስቀምጡትና አንዲት ገጽ አስነብቡት። የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ከዚያች ገጽ ታውቃላችሁ። ወላሁ አዕለም።