«ነርቨስ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቲቸር ግን «ስለምን?» አለኝ

የዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርታችን ስለ ጭንቀት ነው። «ጭንቀት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ማትሪክ አለልን አይደል!» እንዳትሉኝ። አማርኛችን ሐሳብ፣ ስጋት፣ መርበትበት፣ ጭንቅ፣ መደናበር እያለ እንደሚለየው ሁሉ እንግሊዝኛውም ይለያል። ልዩነቱ የገባኝ በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

መካነ ሰላም ከተማ ስማር ከገጠር የመጣን ሦስት ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ስንቃችን አንድ፣ ድስታችን አንድ፣ ጥፍር የምንቆርጥበት ምላጭ ሳይቀር አንድ። አንድ ቀን የአንደኛው ጓደኛችንን የመድኃኒት ብልቃጥ አየሁ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ከእሱ ጋር መብላት አቆምኩ። «ሆዴን አሞኛል» እያልኩ ለብቻዬ እቆርሳለሁ። እንቅልፍም የለ፣ ጥናትም የለ።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዝኛ መምህራችን ስለ ስሜታችን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ የጻፍኩት «አይ አም ነርቨስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ቲቸር በቀይ እስክርቢቶ «ነርቨስ አባውት ዋት?» ብለው መለሱልኝ። ስለምን እንደሆነ መጻፍ አቃተኝ። ከክፍል በኋላ ጠርተውኝ «ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። ግን ቃሉን በትክክል ካገኘኸው መፍትሔውም ይቀርብሃል» አሉና እነዚህን ቃላት አስረዱኝ።

1. ነርቨስ፦ እኛ አገር «እሱ ነርቨስ ነው» ስንል ቁጡ ነው ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ግን ፈተና ልንገባ ስንል ወይም ሰው ፊት ቆመን ልንናገር ስንል የሚይዘን መርበትበት ነው። ነገሩ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

2. ወሪድ፦ ሐሳብ የያዘው ማለት ነው። የበልግ ዝናብ የዘገየበት የለጋምቦ ገበሬ ወሪድ ነው። ምክንያቱ ይታወቃል፤ ሰውየው ግን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ማነቅ» ከሚል የመጣ ነው። እውነትም ሐሳብ ያንቃል!

3. አንክሸስ፦ ከወሪድ ይከብዳል። መጨረሻው ያልታወቀ ነገር ሲጠበቅ የሚመጣ ጭንቅ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ አምባው ላይ ታስረው የነበሩትን አውሮፓውያን አስቡ። ከእነሱ አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር፤ በኋላ ስለ እስራቱ መጽሐፍ ጽፏል። ጦሩ ሲደርስ ይፈቱ ይሆን ወይስ ይገደሉ አያውቁም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው ከማለፋቸው በፊት እስረኞቹን ለቀቋቸው። እስከዚያች ቀን ድረስ የነበረው ስሜት አንክሸስ ይባላል። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው፤ «መጭመቅ፣ ማጥበብ» ማለት ነው። እኛም «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» እንል የለ? ግን ተጠንቀቁ፦ «አንክሸስ ቱ» ከተባለ «ለማድረግ ጓጓ» ማለት ይሆናል።

4. ፓኒክ፦ ድንብርብር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አእምሮ አይሠራም፤ እግር ብቻ ይሮጣል።

5. ኮንሰርንድ፦ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» የሚለውን የደብዳቤ አርዕስት ታውቁታላችሁ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ማለት ነው። ኮንሰርንድ የሆነ ሰውም «ነገሩ ይመለከተኛል» ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ከሌሎቹ ይልቅ የረጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስለ ሌላ ሰው ይነገራል።

ማታ ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ቃላቱን በራሴ ለካሁ። ነርቨስ አይደለሁም፤ ነገሬ አላለፈማ! አንክሸስ ነኝ፤ ውጤቱን የማላውቀው ነገር አለኝ። ከጓደኛዬ ገበታ የሸሸሁት ግን ከፓኒክ ነው። ኤችአይቪ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥና ብርድ ልብስ በመጋራት እንደማይተላለፍ በክበባችን ስንት ጊዜ ተምሬያለሁ! ሊያሳስበኝ የሚገባው ምላጩ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አማካሪዋ ሲስተር ሁሉን ሰምተው «አብሽር ወንድሜ» አሉኝ። የ«ዶንት ወሪ» ወሎኛ መሆኑ ነው! ደሜን ሰጠሁ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምርመራው እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ስለሚችል እንድመለስ ቀጠሩኝ። ምላጭ መጋራት መቅረት እንዳለበትም ነገሩኝ። የሚያሰጋ ነገር ገና እንደደረሰ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከተሄደ የመከላከያ መድኃኒት አለ፤ እኔ ይህን ባለማወቄ ስንት ቀን በከንቱ ተቃጠልኩ።

«ውጤትህ የአንተ ሚስጥር ነው፤ ለማንም የመናገር ግዴታ የለብህም» ሲሉኝ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ብልቃጡን የደበቀው እኛን ለመጉዳት አልነበረም። እንደ እኔ ዓይነቱን ፊት ፈርቶ ነው። ስለዚህ የእኔን ውጤት እዚህ አልጽፍላችሁም። የእሱን ስምም አልጠራም።

የዚያን ቀን ማታ ገበታው ላይ ተመለስኩ። እንጀራውን ቆርሶ አየኝና «ሆድህ ተሻለህ?» አለኝ። «ተሻለኝ» አልኩት። ሁለታችንም ስለምን እንደምናወራ እናውቅ ነበር። ከሳምንት በኋላ ራሱ ነገረኝ፤ ቫይረሱ አብሮት የተወለደ ነው። ነፃው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እንደ እሱ ያሉ ብዙዎች አድገው ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት አስታዋሹ እኔ ሆንኩ። ወሪድ መሆኔ ቀርቶ ኮንሰርንድ ሆንኩ ማለት ነው።

እስቲ እናንተም ሞክሩ፦
ሀ) ቢፎር ዘ ኤግዛም፣ አይ ፊል ______።
ለ) ዘ ስቱደንትስ ሶው ፋየር ኤንድ ራን ኢን ______።
ሐ) ሺ ኢዝ ______ አባውት ሄር ሲክ ፍሬንድ፣ ሶ ሺ ቪዚትስ ሂም ኤቭሪ ደይ።

መልስ፦ ሀ) ነርቨስ ለ) ፓኒክ ሐ) ኮንሰርንድ

ልባችሁ ጭንቅ ጥብብ ሲል «ስለምን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበሉ።