ላ ዲግን ለማየት ዕቅድዎን ከነፋሱ ይጀምሩ

በሲሼልስ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ሦስት ደሴቶች ትንሿ ላ ዲግ ናት። ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ መኪናም ጥቂት ነው። ነዋሪውም እንግዳውም የሚንቀሳቀሰው በብስክሌት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋናው ደሴት ማሄ ያለው በረራ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከማሄ ወዲያ ያለው መንገድ ግን የባሕሩ ነው። ብዙዎቻችን ሆቴል መርጠን፣ ትኬት ቆርጠን፣ ስለ አየሩ ጠባይ የምንጠይቀው ሻንጣ ስናዘጋጅ ነው። ለላ ዲግ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት።

1. ወሩን በነፋሱ ይምረጡ

ሲሼልስ ለምድር ወገብ በጣም ስለምትቀርብ ሙቀቷ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው ነፋሱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ እርጥበት ይዞ ይመጣል፤ ዝናቡ በታኅሣሥና በጥር ይበረታል። በሁለቱ መካከል፣ በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር ባሕሩ ይረጋል፤ ውኃውም ይጠራል።

ይህን ከእኛ የዕረፍት ጊዜ ጋር ያስተያዩት። ለገና ወይም ለጥምቀት የሚሄድ ሰው ዝናቡ መሐል ይገባል። ልጆች ትምህርት የሚዘጉበት ክረምት እዚያ ደረቅ ወቅት ነው፤ አዲስ አበባ በጭቃ ስትቦካ ላ ዲግ ፀሐይ ነው። ችግሩ ነፋሱም የሚያይለው ያኔ መሆኑ ነው። ከማሄ ወደ ላ ዲግ መሸጋገሪያ ወደሆነችው ደሴት ፕራስሊን የሚሄደው ጀልባ በማዕበሉ ክፉኛ ይንገላታል፤ ለነፋሱ በተጋለጡት ዳርቻዎችም የባሕር ሣር ይከመራል። እንዲያም ሆኖ ልጆች ያለው ቤተሰብ ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል፤ በክረምት መሄድ ካለመሄድ ይሻላል።

የእኔ ምርጫ የፋሲካ ሰሞን ነው። ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይረጋል፤ ጾሙ ስለተፈታም ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የማያልቅ ክርክር አብሮዎት አይጓዝም። የአውሮፓውያን ፋሲካ ከእኛው ጋር በሚገጥምበት ወይም በሚቀራረብበት ዓመት ግን ማረፊያው ቀድሞ ይሞላል፤ ዋጋውም ይወጣል። ሁለት ሳምንት ቢያዘገዩት ይቀልልዎታል።

2. በረራውንና ጀልባውን አብረው ያስሉ

ማሄ ሲያርፉ ገና መንገድ ላይ ነዎት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ወደብ በታክሲ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በፈጣን ጀልባ ወደ ፕራስሊን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፕራስሊን ወደ ላ ዲግ ደግሞ ሩብ ሰዓት። ጀልባው በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የጀልባውን የጊዜ ሰሌዳ ይዩ። አውሮፕላኑ ካረፈበት ሰዓት እስከ ጀልባው መነሻ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተዉ፤ የፓስፖርት ሰልፍ፣ የሻንጣ ጥበቃና የከተማ መንገድ አለ። ሰዓቱ ካልበቃዎ የመጀመሪያውን ሌሊት ማሄ ይደሩ። በችኮላ የመጨረሻውን ጀልባ ለመያዝ መሮጥ ለዕረፍት ለሄደ ሰው አያምርም።

ለመመለሻ ምክሬ ጠንከር ይላል፦ የመጨረሻውን ሌሊት ያለ ምንም ክርክር ማሄ ይደሩ። ነፋሱ ካየለ ጀልባ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል፤ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅዎትም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው እንደ ደረሰ ወደ ላ ዲግ ይሻገር፤ አምስት ሌሊት እዚያ፣ የቀረውን ማሄ ያድርግ።

ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። ሲሼልስ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ትኬቱም የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጀልባው በ10 ሰዓት ይነሳል ብሎ በስልክ ለባልንጀራው የነገረ ሰው፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጨመረ አንዳቸው ወደብ ላይ ብቻውን ይቀራል። ባሕር የሚያዞርዎት ከሆነ መድኃኒቱን የሚውጡት ከመሳፈርዎ በፊት ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። መቀመጫዎንም ከጀልባው ኋላ ያድርጉ።

3. ሰነዶቹን ያሟሉ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ አስቀድሞ ማስመታት አያስፈልገውም፤ ለእኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ መንገደኛ፣ ሕፃናት ጭምር፣ ከመነሳቱ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቅጹ ፓስፖርት፣ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የማረፊያው ማረጋገጫ የሚቆዩበትን ሌሊት ሁሉ መሸፈን አለበት፤ ሁለት ሌሊት ይዞ ቀሪውን እዚያ ደርሶ መፈለግ አይሠራም። ድንኳን ተክሎ ማደርም ክልክል ነው።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ ግድ ይለዋል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ተነስቶ፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ የሚቀጥል ሰውም ይኸው ይመለከተዋል። ቀደም ሲል ከተከተቡ አሮጌውን ካርድ ፈልገው ያውጡት፤ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ዕድሜ ልክ እንደሚያገለግል ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኗል።

4. ማረፊያና ገንዘብ

በላ ዲግ የሚሻለው የቤተሰብ እንግዳ ማረፊያ ነው፤ ኩሽና ያለውን ይምረጡ። ወደቡ ያለበት ላ ፓስ መንደር አካባቢ ከያዙ ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ብስክሌት አከራዩም በእግር ይደረሳል። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግዳ ለአካባቢ ጥበቃ በየአዳሩ ይከፍላል፤ በትናንሽ ማረፊያዎች በነፍስ ወከፍ 25 ሩፒ፣ በትልልቆቹ እስከ 100 ሩፒ። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አይከፍሉም።

ሲሼልስ ርካሽ አገር አይደለችም። ወጪውን የሚያበርደው ምግቡ ነው፦ ሬስቶራንቱን ትተው በሣጥን የሚሸጠውን ሩዝ ከዓሣ ካሪ ጋር ይግዙ፤ የአገሬው ሰው ምሳም እሱ ነው። ጿሚ ከሆኑ ምስር፣ ሩዝና የዳቦ ፍሬ ይገኛል። በርበሬዎን ይያዙ፤ ቀይ ዓሣ ገዝቶ ኩሽና ውስጥ ጎረድ ጎረድ አድርጎ ማቁላላት ከምሽቱ ደስታ አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ባንክ ለተጓዥ የሚሰጠው የውጭ ምንዛሪ ወሰን ስላለው ቀደም ብሎ ይጠይቅ።

5. የትኛው ባሕር ለማን?

ደገኞች ሆነን ያደግን ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ስለዚህ ይህን ክፍል አይዝለሉት።

በፎቶ የሚያውቁት፣ ግዙፍና ለስላሳ የግራናይት ቋጥኝ የተኮለኮለበት ዳርቻ አንስ ሱርስ ዳርዣን ነው። የሚገባው በሊዩኒየን እስቴት በኩል ከፍሎ ነው፤ በዚያው የቫኒላ እርሻውን፣ የኮኮናት ዘይት መጭመቂያውንና ትልልቆቹን ኤሊዎች ያያሉ። ባሕሩ ከፊት ለፊቱ በኮራል ስለታጠረ ጥልቀት የለውም። ዋና ለማይችልና ለልጆች የተመቸ ነው፤ ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት ከጉልበት አያልፍም። ዋናተኛ ከሆኑ ግን በሙላቱ ሰዓት ይሂዱ። የሙላትና የሽሽቱን ሰዓት አስተናጋጅዎን ጠዋት ይጠይቁ። ከቡድን ጎብኚዎች ቀድመው፣ በሩ እንደተከፈተ መግባት ያዋጣል።

በምሥራቅ በኩል ያሉት ግራንድ አንስና ፔቲት አንስ የውበታቸውን ያህል አደገኛ ናቸው። በተለይ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ኃይለኛ ጅረት አለ። ማስጠንቀቂያውን ያክብሩ፤ ዋና ካልቻሉ እስከ ጉልበትም አይግቡ። ጅረቱ ከወሰደዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙና ጉተታው ሲላላ ይመለሱ።

ብስክሌቱን ሲከራዩ ፍሬኑን ይሞክሩ፤ ወደ ግራንድ አንስ ያለው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት አለው። የትራፊኩ አቅጣጫ በግራ ነው። ፀሐይ ለመጥለቅ ስትቃረብ ወደ ማረፊያ ይመለሱ ወይም የእጅ ባትሪ ይያዙ፤ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል።

6. ሻንጣ

ጥቂት ይያዙ፤ ጀልባ ላይ ከባድ ሻንጣ መጎተት ያሰለቻል። ባለ ሦስት ጥርስ የእንግሊዝ መሰኪያ መቀየሪያ፣ የኮራል ድንጋይ እግር እንዳይቆርጥ የውኃ ጫማ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት (ወባ የለም፤ ደንጊ ግን አለ)፣ እጅጌ ያለው መዋኛና የፀሐይ ቅባት። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚሉትን አይስሟቸው፤ ውኃ ውስጥ ሁለት ሰዓት የዋለ ትከሻ ማታ ይመልስልዎታል።

ሲመለሱ ኮኮ ደ ሜር የሚባለውን፣ በዕፅዋት ዓለም ከሁሉ የከበደውን ዘር መግዛት ከፈለጉ ሕጋዊ መለያና የመውጫ ፈቃድ ያለውን ብቻ ይግዙ፤ ፈቃዱ ከሌለ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወረሳል። ዛፉን በቦታው ለማየት ደግሞ ፕራስሊን ላይ ያለውን፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የቫሌ ደ ሜ ጫካ በመመለሻው ቀን መጎብኘት ይቻላል። ለዚያ ከላ ዲግ በጠዋቱ ጀልባ ወጥተው፣ ከፕራስሊን ወደ ማሄ የከሰዓቱን ጀልባ አስቀድመው ይያዙ።