ድንበሩን አትመንጥር

ልጄ፣ የቆቦ ሜዳ እንደጠበበ አውቃለሁ። ማሽላው በየዓመቱ ድንበሩን ካልገፋሁ ይልሃል። አትስማው፤ ምክንያቴን ልንገርህ።

1. በድንበርህ ያለውን ቁርቁራና ግራር ተው። የደረቀ የእሾህ አጥር ምስጥ ይበላዋል፤ አንተም በየዓመቱ ሌላ ግራር ትቆርጣለህ። የሳሳውን ቦታ በቅንጭብ ሙላው፤ ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትተክለው ይበቅላል፣ ፍየልም አይደፍረውም። ወተቱ ግን ዓይን ይጎዳል፤ ስትቆርጥ ተጠንቀቅ። ቁርቁራው ሲያብብ ለንብ ነው፣ ሲያፈራ ለልጆች፣ ሥሩ ደግሞ ለጅግራ። በሆርማትና በጎሊና ወንዞች የሚወርደው ጎርፍ ማሳህ ሲገባም ቁጥቋጦው ጉልበቱን ይሰብርልሃል፤ ደለሉን ያስቀርልሃል።

2. ደቦ ጠርተህ ሣር ስታሳጭድ ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ወደ መሀል እንዳይገባ። ጫጩቱና ጥንቸሉ መሀል ላይ ተጨናንቀው ማጭድ ይደርስባቸዋል። ከአንድ ዳር ጀምሩ፤ በሌላው በኩል ወደ ቁጥቋጦው ያመልጣሉ። ለድርቆሽ የሚሆነውን ሲያብብ እጨደው፤ ካረጀ ከብቱ ያንገዋልለዋል። አንድ ጥግ ግን ዘሩ እስኪረግፍ ይቆይ፤ ጥጉን በየዓመቱ አቀያይር።

3. ቅንጨ አረምን ሳያብብ ንቀለው። ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ አንድ ተክል እስከ 25,000 ዘር ያፈራል። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅህን ሸፍን። የነቀልከውንም ቦይ ውስጥ አትጣል፤ ጎርፉ ለታችኛው ጎረቤትህ ያደርሰዋል። ሣር ከሌላ አገር ስትገዛም አራግፈህ እይ።

4. ግሪሳ ሲወርድብህ ወፍ ሁሉ ጠላት ይመስልሃል። ማማ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይበቃል አልልህም፤ መንጋው ሲበዛ በአውሮፕላን መርጨት ግድ ይሆናል። መርዙ ግን አይመርጥም፤ የሞተውን ግሪሳ የበላ ጭልፊትም ይሞታል፤ አይጥህን የሚለቅመው ደግሞ እሱ ነበር። ስለዚህ የግሪሳውን ማደሪያ ፈልገህ ለግብርና ባለሙያው ቶሎ አሳየው፤ ርጭቱ እዚያው ላይ ይወሰናል። አጥርህን አታቃጥል፤ ከሩቅ የመጣ መንጋ በአንተ ቁጥቋጦ መጥፋት አይመለስም።

5. ብቻህን አይሆንም። መንዞች የጓሳን ሣር ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ለዓመታት ይዘጉታል፣ ቀኑ ሲደርስ ለአጨዳ ይከፍቱታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያው አሉ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር፤ በኋላ ራሳቸው በአዲስ መልክ አቋቋሙት። ጓሳ ውርጭ ያለበት ደጋ ነው፣ የእኛ ቆላ፤ ሕጉን መቅዳት ግን ማን ይከለክለናል? ዘንድሮ ማን የትኛውን ጥግ ሳያጭድ እንደሚተው፣ ከብት መቼ እንደሚገባ ከድንበርተኞችህ ጋር ነሐሴ ሳያልቅ ተስማሙ። መስከረም ከጠባ ሰው ማጭዱን ስሏል፤ ማንም አይሰማህም።